እሁድ የሚነበበው ደብዳቤ

ቄስ አርጊሪስ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው እየሮጡ ከዚሲስ ግቢ በር ሲደርሱ፣ ላምብሮስ ወደ ፍየሎቹ ገንዳ የሚሄደውን የውሃ ቱቦ በመጥረቢያ ቆርጦ ጨርሷል። ውሃው በተቃጠለው መሬት ላይ እየተንፎለፎለ አመዱን ጥቁር ጭቃ አድርጎታል። አሥራ ሁለት የሚሆኑ ወንዶች በሩን ከበው ቆመዋል። ሁሉንም ያውቋቸዋል፤ የገሚሱን ልጆች ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው።

"ውጣና ንገረን እንጂ!" ይጮሃል ላምብሮስ። "ለአንድ ማራገቢያ ስንት ከፈሉህ? ለፍየሎችህስ ስንት አሰቡልህ?"

"ላምብሮስ፣ መጥረቢያውን አስቀምጥ።"

"አባታችን፣ እርስዎ ይሂዱ። ይሄ የቅዳሴ ጉዳይ አይደለም።"

"አስቀምጥ አልኩህ!"

ድምፃቸው ራሳቸውን አስደነገጣቸው። ላምብሮስ መጥረቢያውን አላስቀመጠም፤ ግን ወደ ታች አወረደው። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከአያቱ ጀምሮ የጥድ ሙጫ እየቀዱ የኖሩ ሰዎች ልጅ። አራት ሺህ ጥዶች ነበሩት፤ እያንዳንዱን ዛፍ የት ጋ እንደቆሰለና የትኛው ጎኑ እንደደረቀ በቃሉ ያውቃል። ከሦስት ሳምንት በፊት በደብረ ታቦር ዕለት ከሰዓት በኋላ ከተራራው ጫፍ የተነሣው እሳት አምስት ቀን ነድዶ፣ አሥራ አንድ ቤትና የመንደራቸውን የፔፍኮራኪን ጫካ በሙሉ ሲበላ፣ ከላምብሮስ ጥዶች አንድ አላስተረፈለትም።

ዚሲስ ደግሞ በፀደይ ወራት፣ ተራራው ጫፍ ላይ ያለውን የግጦሽ መሬቱን ለነፋስ ኃይል ኩባንያ አከራይቶ ነበር። ከእሳቱ በኋላ መንደሩ የሚያወራው ይህንኑ ብቻ ሆነ። ጫካ ባለበት መብራት የሚያመነጭ የነፋስ ማራገቢያ መትከል አይፈቀድም፤ ጫካው ከተቃጠለ ግን ማን ይከለክላል? ከዚሲስ ፍየሎች አርባ ስድስቱ አብረው መቃጠላቸውን ሰው ሲያነሣባቸው፣ "እንዳይጠረጠር ነዋ!" ይላሉ።

"ስሙኝ" አሉ ቄስ አርጊሪስ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው። "ነገ እሁድ ነው። አቡነ ፖርፊሪዮስ ስለ እሳቱ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ በሁሉም አጥቢያ ይነበባል። መጥታችሁ ስሙ። ዛሬ ግን የሰው በር አይሰበርም።"

"ጳጳሱ ማን እንዳቃጠለው ያውቃሉ?"

"ነገ ትሰማለህ።"

"እሺ፣ ነገ" አለ ላምብሮስ። ከዚያ ድምፁን ወደ ቤቱ ከፍ አድርጎ "እስከ ነገ ብቻ ነው ታዲያ!" አለ።

ሲበተኑ ዚሲስ በሩን በአንድ መዳፍ ስፋት ከፈተው። ፊቱ ከስቷል፤ ጢሙን ካልተላጨ ሳምንት ሳያልፈው አልቀረም። እሱና ቄሱ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ እኩዮች ናቸው፤ ሆኖም ክህነት ከተቀበሉ ወዲህ ዚሲስ አንድም ቀን አንቱ ሳይል ጠርቷቸው አያውቅም።

"አባ፣ የዚያን ዕለት ከተራራው በመጨረሻ የወረዱት እርስዎ ነዎት አይደል?"

"አዎ።"

"ሰው አላዩም? መኪና፣ ሞተር፣ የሚንቀሳቀስ ነገር?"

"ማንንም አላየሁም።"

"ማንንም?"

"ማንንም፣ ዚሲስ።"

"እንግዲያው ይህንኑ ይንገሩልኝ። ዚሲስ እዚያ አልነበረም ይበሉ። የእርስዎን ቃል ያምናሉ።"

"እነግራቸዋለሁ" አሉና ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። የተቆረጠውን ቱቦ ሲሻገሩ እግራቸው ጭቃው ውስጥ ገባ፤ ለመጥረግ እንኳ አልቆሙም።

ማንንም አለማየታቸው እውነት ነው። እንቅልፍ የነሣቸውም ይኸው ነው።

የደብረ ታቦር ዕለት በተራራው ጫፍ ባለችው ትንሽ ጸሎት ቤት ቀድሰው፣ የመጀመሪያውን የወይን ፍሬ ባርከው ለሕዝቡ አደሉ። ጸሎት ቤቷ ከሃያ ሰው በላይ ስለማትይዝ፣ ጧፍ የሚተከለው ውጭ፣ በሩ አጠገብ፣ አሸዋ በተሞላ የብረት ሣጥን ላይ ነው። አምስት ሰዓት ላይ የሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ ከባድ ነፋስ ስለሚመጣ ከቤት ውጭ ማንኛውንም እሳት መለኮስ ክልክል ነው ይላል መልእክቱ። ሰዉ ወይኑን እየቆረጠመ ወረደ። እሳቸው ቀርተው ጧፎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ አሸዋው ውስጥ ይቀብሩ ጀመር።

የመጨረሻዋ ጧፍ የእማማ ጋሩፋሊያ ነበረች። እማማ ጋሩፋሊያ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አንድ ልጃቸው በዚያች ሰዓት አቴንስ ሆስፒታል ውስጥ ደረቱ ተከፍቶ ተኝቷል።

"ይቺን አያጥፉብኝ አባ" አሉ የቄሱን ክንድ ይዘው። "ልጄ ቢላዋ ሥር ሆኖ ይቺ ከጠፋች፣ እኔ ከዚህ አልወርድም።"

ክልክል ነው አሏቸው። ነፋስ ይመጣል አሏቸው። አሮጊቷ ክንዳቸውን አልለቀቁም፤ ጣቶቻቸው ይበልጥ አጥብቀው ያዙ። ቄስ አርጊሪስ ሣጥኑን ነፋስ ወደማይነካው የግድግዳ ጥግ ጎትተው፣ ጧፏን መሐል ተከሏትና በግማሽ ሰዓት አልቃ ትጠፋለች ብለው አሰቡ። አሮጊቷን በመኪናቸው ይዘው ወረዱ። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ተራራው ጫፍ ላይ ጭስ ታየ።

የእማማ ጋሩፋሊያ ልጅ ዳነ። አሮጊቷ ዳቦ ቤትም፣ መድኃኒት ቤትም፣ አውቶቡስ ፌርማታም "ጧፌ ናት ያዳነችው" እያሉ ይናገራሉ። ቄሱ ይህን በሰሙ ቁጥር ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ።

ጧፏ ትሁን አትሁን አያውቁም። የጠርሙስ ስባሪ ሊሆን ይችላል። ሰውም ሊሆን ይችላል። የእሳት አደጋ መርማሪዎች ከጸሎት ቤቷ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ መነሣቱን ብቻ ነው የተናገሩት፤ በዚያ ዕለት ተራራው ላይ የነበረ ሁሉ መጥቶ ቃሉን እንዲሰጥም ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ማስታወቂያው የቤተ ክርስቲያኑ የውጭ በር ላይም ተለጥፏል። ቄስ አርጊሪስ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ አጠገቡ አልፈዋል።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ፖሊክሴኒ ደብዳቤውን ከምትሠራበት ማዘጋጃ ቤት አትማ አምጥታለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ ቆማለች።

"እግርህ ምን ሆኗል?"

"ዚሲስ ቤት ነበርኩ። አንብቢልኝ እስቲ።"

አነበበች። አቡነ ፖርፊሪዮስ ቃላት አያባክኑም። ምድሪቱ ታማለች ይላል ደብዳቤው፤ ሙቀቱም ድርቁም ከሰማይ እንደ ድንገት የወረደ ሳይሆን፣ እኛ ሁላችን ባነደድነው ነዳጅ፣ በቆረጥነው ዛፍና በማይጠግበው ምኞታችን የመጣ ነው። "ይህን እሳት ያነደደውን አንድ እጅ አትፈልጉ። እጃችሁን ተመልከቱ። የአየር ንብረት ለውጥን የሚክድ ሁሉ ፈጣሪ በአደራ የሰጠውን ምድር ይክዳል። ወንድሙን ያለማስረጃ የሚከስም እንዲሁ።"

"ግሩም ደብዳቤ ነው" አለች ፖሊክሴኒ። "ለዚሲስ ነፍስ ይዘራለታል።"

"ግሩም ነው" አሉ ወንበሩ ላይ እየተቀመጡ።

ከልባቸው ነው። ቄስ አርጊሪስ ንብ ያረባሉ፤ ንቦቹ ከጥዱ ማር የሚቀስሙበትን ቀን ሃያ ዓመት ሙሉ ጽፈው ይዘዋል። ቀኑ በየዓመቱ ሲሸሽ፣ ማሩ ሲያንስ፣ ቀፎዎቹ ውስጥ ሰም በሙቀት ሲቀልጥ በዓይናቸው አይተዋል። ዘንድሮ ከኤፕሪል ወዲህ አንድ ጠብታ አልዘነበም። ጳጳሱ ያሉትን ሁሉ ሳይሰሙትም ያምኑበት ነበር። የቸገራቸው ግን "አንድ እጅ አትፈልጉ" የሚለው ነው። ያን ሲሰሙ ሰውነታቸው ቀለል አላቸው፤ ቀለል ስላላቸውም አፈሩ።

ስልኩ ጮኸ። ከእሳቱ በተረፈው ገዳም የሚኖሩት አበምኔት አባ ኒኮን ናቸው፤ የቄሱ ንስሐ አባት።

"ደብዳቤው ደረሰህ?"

"ደረሰኝ አባቴ።"

"አታንብበው።"

"የጳጳስ ደብዳቤ ነው።"

"ጳጳሱ ከተማ ተቀምጠው ማቀዝቀዣ ባለው ክፍል ውስጥ ነው የጻፉት! እኔ ከአራት መነኮሳት ጋር እርጥብ ብርድ ልብስ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነው ያደርኩት። የአየር ንብረት ለውጥ፣ የአየር ንብረት ለውጥ! ማራገቢያ ሻጮች የፈጠሩትን ወሬ ቤተ መቅደስ ውስጥ ልታነብ ነው? ድሮም ይሞቅ ነበር።"

"እንዲህ አልነበረም። ከኤፕሪል ወዲህ እኮ አልዘነበም።"

"በኤልያስ ዘመን ሦስት ዓመት ከስድስት ወር አልዘነበም። ያኔ ፋብሪካ ነበረ?"

"ያኔም ኤልያስ ለንጉሡ 'እስራኤልን የምታስጨንቅ አንተ ነህ' ብሎታል፣ አባቴ። የሰው ጥፋት ነው ብሎ ነው የነገረው።"

አባ ኒኮን ሳቅ የመሰለ ሳል ሳሉ።

"ምላስህ አልጠፋም። ግን ስማኝ፤ ሕዝቡ አቃጣዩን ያውቀዋል። 'ሁላችሁም አቃጥላችኋል' ብለህ ብትነግረው ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ስድብ ነው። እኔ ማራገቢያውን የሚቃወም ፊርማ እያሰባሰብኩ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይፈርሙ።"

"አባቴ… ንስሐ ልገባ ፈልጌ ነበር። ዛሬ ቢሆን…"

"ስለ ደብዳቤው ከሆነ አሁን ፈትቼሃለሁ፤ አታንብብ። ሌላ ከሆነ ሰኞ ና። መነኮሳቱ ጣሪያ ላይ ናቸው፣ ጠርተውኛል።"

ስልኩ ተዘጋ። ፖሊክሴኒ ከምድጃው ዞራ ትመለከታቸው ነበር።

"የምን ንስሐ ነው?"

ነገሯት። ሲነግሯት ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ባለው የዳቦ ፍርፋሪ ላይ ነበር። ስለ ስልኩ መልእክት፣ ስለ አሮጊቷ ጣቶች፣ ስለ ግድግዳው ጥግ ሁሉ ነገሯት። ስትሰማ ቆይታ ምድጃውን አጥፍታ ተቀመጠች።

"ሦስት ሳምንት" አለች። "ሦስት ሳምንት አጠገቤ እየተኛህ!"

"እርግጠኛ አይደለሁም እኮ።"

"እርግጠኛ ካልሆንክማ ለምን አትተኛም?" ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "በቸልተኝነት እሳት ማስነሣት ያሳስራል፣ አርጊሪስ። እኔ ማዘጋጃ ቤት ነው የምሠራው፤ ወረቀቱን አያለሁ። ክህነትህስ? ልጃችንስ፣ ዩኒቨርሲቲ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል። ለእማማ ጋሩፋሊያ ነግረሃቸዋል?"

"አልነገርኳቸውም።"

"እንዳትነግራቸው። ያን ዕለት ይሞታሉ።" ደብዳቤውን አንሥታ ወደ እሳቸው ገፋችው። "ነገ ይቺን አንብብና ውረድ። ውሸት የለባትም።"

"የለባትም።"

"ዚሲስንም ትጠቅመዋለች።"

"ትጠቅመዋለች" አሉ።

የቀረውን ቀን ስለ ጉዳዩ አልተነጋገሩም። እራት ላይ የቀረበው ቲማቲምና አይብ ሳይነካ ተነሣ።

እሁድ የሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዓመት የሚገባበት ቀን ነበር። ከፋሲካ ወዲህ እንዲህ ሰው ሞልቶ አያውቅም። አብዛኞቹ ወንዶች ለወትሮው ቡና ቤት የሚውሉ ናቸው። ላምብሮስ መሐል ላይ ቆሟል፤ ከእሳቱ የተረፈች አንዲት ኮቱን ለብሶ። እማማ ጋሩፋሊያ ፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው፣ ጥቁር ለብሰው። ዚሲስ ከሚስቱ ጋር በመውጫው በር አጠገብ ቆሟል፤ በዙሪያው ሦስት ክንድ ያህል ባዶ ወለል አለ።

ቄስ አርጊሪስ ወንጌሉ ተነብቦ ሲያበቃ ወደ መቅደሱ በር ወጥተው ደብዳቤውን ዘረጉ። ወረቀቱን በመጽሐፉ ማስቀመጫ ላይ አስደግፈው አነበቡት። "ምድሪቱ ታማለች" ሲሉ ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንድ እጅ አትፈልጉ" ሲሉ ከኋላ ማጉረምረም ተነሣ።

"አባታችን" አለ ላምብሮስ። በቅዳሴ መሐል የተናገረ ሰው በዚህች ቤተ ክርስቲያን ታይቶ አይታወቅም። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ።"

"ስጨርስ ትጠይቃለህ።"

"ጳጳሱ ሁላችንም አጥፍተናል ይላሉ። እሺ ይሁን። እኔም መኪና እነዳለሁ፤ ክረምት ላይም እንጨት አነድዳለሁ። ግን ክብሪቱን ሁላችንም በአንድ ላይ አልጫርነውም። አንድ ሰው ነው የጫረው።"

"እውነቱን ነው!" አለ አንዱ።

"ያም ሰው እዚህ ቆሟል!" አለ ሌላው፤ ፊቶች ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። "ውጣ! ደፍረህ ታስቀድሳለህ ደግሞ!"

የዚሲስ ሚስት ክንዱን ይዛ ወደ ውጭ ጎተተችው። ዚሲስ አልተንቀሳቀሰም። የሚያየው ቄሱን ነበር። ትናንት ቃል የገቡለትን እየጠበቀ መሆኑ ገባቸው።

"ዚሲስ እዚያ አልነበረም" አሉ።

"እርስዎ በምን አወቁ?"

"መጨረሻ የወረድኩት እኔ ነኝ።"

"እና ማን ነበረ ታዲያ?"

ወረቀቱ ላይ ገና አንድ አንቀጽ ይቀራል። እሱን አንብበው ወደ ውስጥ ቢገቡ፣ ማንም ይህን ጥያቄ ዳግመኛ እንደማይጠይቃቸው ያውቃሉ። ቄስ አይጠየቅም።

"እኔ ነበርኩ" አሉ።

መጀመሪያ ለሰዎቹ አልገባቸውም። ላምብሮስ እንኳ ግንባሩን አኮማትሮ ጠበቀ፤ የሚቀጥል ነገር ያለ መስሎት።

"ጧፎቹን ሳጠፋ አንዷን አላጠፋኋትም። ነድዳ ታልቃለች ብዬ ውጭ ትቻት ወረድኩ። የስልኩ መልእክት ደርሶኛል፤ እንደ እናንተ እኔም አንብቤዋለሁ። እሳቱን ያስነሣችው እሷ ትሁን አላውቅም። ሊሆን እንደሚችል ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፤ አውቄም ዝም አልኩ። ይሄ ሰው በር ተዘግቶበት ሲቀመጥ ዝም አልኩ።"

አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች።

"ቄስ የነበረው አባቴ እዚያው ተራራ ላይ አርባ ዓመት ቀድሷል" አሉ ቄስ አርጊሪስ። "ጧፍ እየተወ ነበር የሚወርደው። ምንም ሆኖ አያውቅም። መሬቱ እርጥብ ነበር፤ ጥዱም ውሃ ነበረው። ጳጳሱ የጻፉት እውነት ነው፤ ምድሪቱ እንደ ድሮው አይደለችም። እኔ ደግሞ ይህን ከማንኛችሁም በላይ አውቃለሁ፤ በየዓመቱ ማሬ ሲዘገይና ሲያንስ እጽፈዋለሁ። እያወቅሁ ነው እንደ ድሮው ያደረግሁት። ስለዚህ የጳጳሱ ደብዳቤ የኔን ጥፋት አይቀንሰውም፤ ይጨምርብኛል እንጂ።"

"አራት ሺህ ዛፍ" አለ ላምብሮስ። ለማንም የተናገረ አይመስልም። "አራት ሺህ ዛፍ፣ አባታችን።" ከዚያ ሰውን እየገፋ ወጣ። ብዙዎች ተከተሉት።

እማማ ጋሩፋሊያ ከወንበራቸው ግማሽ ተነሥተው፣ ደህና የሚሰማውን ጆሯቸውን ወደ ቄሱ አዘንብለው ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቄስ አርጊሪስ ዓይናቸውን ከእሳቸው ላይ አነሡና ቅዳሴውን ቀጠሉ። ሲጨርሱ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አሥራ አራት ሰው ቀርቶ ነበር።

ዚሲስ ግቢው ውስጥ ጠበቃቸው።

"ትናንት በሬ ላይ ቆመህ 'ማንንም አላየሁም' አልከኝ" አለ። አንቱታው ቀርቷል።

"ዚሲስ…"

"ዓይኔን እያየህ አልከኝ፣ አርጊሪስ! ሚስቴ ዳቦ ለመግዛት ሌላ መንደር ድረስ ትሄዳለች። ልጄ ከጨዋታ እያለቀሰች ትመለሳለች። አንተ ግን ሰዎቹን ከበሬ ላይ አባረርክልኝና እኔ ደግሞ እጅህን ልስም ነበር።"

"ይቅር በለኝ።"

"ዛሬ አልችልም" አለ ዚሲስ። ትንሽ ሄዶ ዞረ። "አላውቅም። ምናልባት አንድ ቀን። ዛሬ ግን ፊትህን ማየት አልፈልግም።"

ከሰዓት በኋላ ስልኩ አላረፈም። የጳጳሱ ጸሐፊ ደውለው፣ ጋዜጠኞች ከአሁኑ ሀገረ ስብከቱን ማስጨነቅ መጀመራቸውን፣ ብፁዕነታቸውም እጅግ ማዘናቸውንና ከረቡዕ በፊት እንዲቀርቡ ማዘዛቸውን ነገሯቸው። አመሻሹ ላይ እማማ ጋሩፋሊያ ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ ፖሊክሴኒ ሁለቱንም ጊዜ "ተኝተዋል" ብላ ዘጋች። አባ ኒኮንም ደወሉ።

"ትናንት ልትነግረኝ የነበረው ይህን ነው?"

"አዎ አባቴ።"

"አላስጨረስኩህም" አሉ። "ማራገቢያውን ግን አሁንም አልፈልገውም። ይህ አንድ ነገር ነው፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ፊርማውን እቀጥላለሁ። ከማመልከቻው ላይ ግን ዚሲስን የሚያነሣውን አንቀጽ አወጣለሁ። እንዲያውም እኔው ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ። አንተ ነገ ና።"

"ነገ መጀመሪያ የምሄድበት አለኝ።"

"ገባኝ" አሉ አባ ኒኮን።

ሰኞ ጠዋት ፖሊክሴኒ ንጹሕ ቀሚስ አውጥታ ወንበር ላይ አስቀመጠችላቸው፤ ራሷ ግን አብራቸው ለመሄድ አልጠየቀችም። በሩን ሲከፍቱ "ብላ አንድ ነገር" አለች፤ ከእሁድ ወዲህ ያነጋገረቻቸው የመጀመሪያው ቃል ነበር። ቁራሽ ዳቦ ይዘው ወጡ። ዳቦውን እስከ ከተማው ድረስ በእጃቸው ይዘውት ደረሱ።

መርማሪዋ መቶ አለቃ ዴስፒና ትባላለች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ ዓይኖቿ በእንቅልፍ ማጣት ቀልተዋል። የቄሱን ቃል ሳታቋርጥ መዘገበች፤ የሣጥኑን መጠን፣ ግድግዳው በየት በኩል እንደነበረ፣ ነፋሱ ከየት ይነፍስ እንደነበረ ጠየቀቻቸው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"አባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ከጸሎት ቤቷ በታች የመብራት ምሰሶ አለ። ሽቦው በነፋስ እየተማታ ብልጭታ አውጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ገና በምርመራ ላይ ነው። የእርስዎ ጧፍ ላይሆን ይችላል።"

ቄስ አርጊሪስ ልባቸው ዘለለ። ለቅጽበት የላምብሮስ ፊት፣ የጳጳሱ ጸሐፊ ድምፅ፣ ሁሉም ነገር የራቀ መሰላቸው። ያን ያህል ደስ ስላላቸው ራሳቸውን ጠሉ።

"ሊሆንም ይችላል?" ብለው ጠየቁ።

"ሊሆንም ይችላል። ይህን ከፈረሙ ግን ፋይሉ ላይ ስምዎ ይገባል፤ ዐቃቤ ሕግ ይጠራዎታል። አሁኑኑ የሚያስገድድዎ የለም። ጠበቃ አማክረው ሌላ ቀን ቢመጡም ይችላሉ።"

"እፈርማለሁ።"

ወረቀቱን ወደ እሳቸው አዞረችው። አንድ መስመር በጣቷ ነካች።

"ይቺ ቀርታለች። ያልጠፋችው ጧፍ የማን ነበረች?"

ከመስኮቱ ውጭ የእሳት አደጋ መኪናዎች በውሃ እየታጠቡ ነበር። ቄስ አርጊሪስ የአሮጊቷ ጣቶች ክንዳቸው ላይ ያሉ ያህል ተሰማቸው።

"ማጥፋት የኔ ሥራ ነበር።"

"የጠየቅኩዎት እሱን አይደለም፣ አባ።"

"አውቃለሁ ልጄ።"

"ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ ጧፏ እንዳትጠፋ ጠይቀውዎት ከሆነ እኮ ለእርስዎ ማቅለያ ይሆናል። ዳኛው ያየዋል።"

"አውቃለሁ" አሉ ዳግመኛ።

እስክሪብቶውን አነሡ። ያቺን መስመር ባዶዋን ትተው፣ ከታች ሙሉ ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ።